ጨዋታና እንግዳ፤ የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወትና ሥራ

ሰው ከቀየው ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር የሚጓዝባቸው ምክንያቶች ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው፤ ንግድ፣ ዘመቻ፣ ሙግት፣ ስለትና ዘመድ ጥየቃ። ከእነዚህ ጎን ብዙ ሳይነገርለት የኖረ አንድ ምክንያት ደግሞ አለ፤ ይኸውም ጨዋታ ለማየት መሄድ ነው። እንደ ሉማሜ ባሉት የጎጃም ደጋ አገሮች በልደት ዕለት የገና ጨዋታ፣ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ የፈረስ ጉግስ ሲኖር የአንዱ አጥቢያ ሰው ወደ ሌላው አጥቢያ ይሄዳል። ተጋጣሚው በሜዳ ውስጥ ባላጋራ ነው፤ ከሜዳ ሲወጣ ግን እንግዳ ይሆናል። ጠላ ይቀዳለታል፣ እንጀራ ይቀርብለታል፣ ከመሸበትም ያድራል። በዘመናችን የስፖርት ቱሪዝም የሚል ስም የተሰጠው ሐሳብ ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም፤ ተጫዋች ይመጣል፣ ተመልካች ይከተላል፣ ባለ አገር ያስተናግዳል።

ሐሳቡ በሌላውም ዓለም ረጅም ዕድሜ አለው። የጥንት ግሪኮች በኦሊምፒያ ለሚደረገው ውድድር መንገደኛው በሰላም ይደርስ ዘንድ ጠብን የሚገድብ ስምምነት ነበራቸው። በ1922 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በኡራጓይ ሲደረግ፣ አስተናጋጇ አገር የቡድኖቹን የመጓጓዣና የማረፊያ ወጪ በራሷ ላይ አድርጋ እንግዶቿን ጠርታለች። ከዚያ ወዲህ ታላላቅ ውድድሮችን ማስተናገድ ለአንድ አገር የክብር ምልክትም የገቢ ምንጭም እየሆነ መጣ። በአፍሪቃ ግን ከገቢው በፊት የሚነሣ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ይኸውም አፍሪቃዊው በገዛ አገሩ አስተናጋጅ፣ በሌላው ዘንድ ደግሞ እኩል እንግዳ ለመሆን ይችላል ወይ የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሥራ መልስ ሲሰጡ ከኖሩት አፍሪቃውያን መካከል አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በመጀመሪያው ረድፍ ይቆማሉ።

ልጅነትና ወጣትነት

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በድምፃቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የአውቶሞቢል ጥበብ የቀሰሙ፣ በዚያውም ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ስለዚህ ልጁ የተወለዱት የባሕር ማዶ መንገድ እንግዳ ባልሆነበት፣ ጨዋታና ቃልም ከፍ ያለ ስፍራ በተሰጠው ቤት ውስጥ ነው።

የአዲስ አበባ የአራዳ ልጆች በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስን የእግር ኳስ ክበብ ሲያቋቁሙ ይድነቃቸው ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ጥቂት ወራት እንኳ ሳይሞላው የፋሺስት ጦር በሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዘመን የወጣው የዘር መለያ ሕግ ኢትዮጵያዊውን ከጣሊያናዊው በመኖሪያ፣ በመጓጓዣና በመዝናኛ የለየ ነበር። በኳስ ሜዳም ጥቁሩና ነጩ ለየብቻ እንዲጫወቱ ተደረገ። አንድ ወጣት በተወለደበት አገር፣ በአያቶቹ ምድር ላይ ባዳ ሆኖ ሲቆጠር የሚሰማውን ይድነቃቸው በዚያ ዕድሜያቸው ዐወቁት። ከሃያ ዓመት በኋላ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይ የዘር መድሎን ሲቃወሙ የታየው የማይበገር አቋም ሥሩ እዚህ ላይ ሳይሆን አልቀረም።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ የአዲስ አበባ ሜዳ ተከፈተ። በ1936 ዓ.ም. የተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና የዚያን ጊዜዋን ከተማ ገጽታ የሚያሳይ ነበር። የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን በአንድ ውድድር ተሰለፉ፤ ዋንጫውንም እንግሊዞቹ ወሰዱት። ትናንት የገዛና የተገዛ፣ ነጻ የወጣና የረዳ፣ ተሰዶ የመጣና ባለ አገር የሆነ ሁሉ በአንድ ደንብ ሥር ዘጠና ደቂቃ እኩል ሆኖ ተጫወተ። በቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂነት የታወቁት ይድነቃቸው ኳስ ምን ለማድረግ እንደምትችል የተማሩበት ትምህርት ቤት ይህ ነበር።

በ1940 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ሶማሌላንድ ጋር ያደረገችውን የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ 5 ለ 0 አሸነፈች። ይድነቃቸው ጫማቸውን ሳይሰቅሉ የማደራጀቱን ሥራ ከመጫወቱ ጋር አጣምረው ይሠሩ ነበር። ፌዴሬሽን በማቋቋም፣ ውድድር በማውጣት፣ ከውጭ ማኅበራት ጋር በመጻጻፍ ብዙ ዓመታት አሳለፉ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ መንገዱን ከጠረጉት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው።

ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአራት አገሮች መልእክተኞች በካርቱም ተሰበሰቡ፤ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪቃ። ዓላማቸው የአፍሪቃን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መመሥረትና የመጀመሪያውን የአፍሪቃ ዋንጫ ማካሄድ ነበር። ከኢትዮጵያ በኩል ከተገኙት መሥራቾች መካከል አቶ ይድነቃቸው ይገኙበታል። ደቡብ አፍሪቃ ነጮችንና ጥቁሮችን ያጣመረ ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ ሳትሆን ስለ ቀረች ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያም በዚህ ምክንያት ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ውጤቱ የሚያኮራ አልነበረም። የጉባኤው ውሳኔ ግን ለአህጉሩ ስፖርት የማዕዘን ድንጋይ ሆነ። አንድ ቡድን በሌላው አገር እንግዳ ሆኖ ለመጫወት ሲጠራ የኳስ ችሎታው ብቻ አይመረመርም፤ የወገኑን ሰው በቤቱ እንዴት እንደያዘውም ይጠየቃል። በአፍሪቃ ግብዣ ላይ ለዘር መድሎ ወንበር እንደማይዘረጋ ገና የመጀመሪያው ውድድር ሳይጀመር ተወሰነ።

ሦስተኛውን ዋንጫ የማስተናገዱ ተራ ለኢትዮጵያ ደረሰ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ እንግዳ ተቀባይነትን እንደ ሥራ መያዝ የጀመረችበት ወቅት ነበር። የአፍሪቃ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ አየር መንገድ እስከ ሞንሮቪያ የሚደርሰውን በረራ ጀምሮ ምሥራቅ አፍሪቃን ከምዕራብ አፍሪቃ ጋር አገናኝቷል። ከዚያ በፊት ከአንዱ የአህጉሩ ዳር ወደ ሌላው ለመሄድ የፈለገ ሰው ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ በኩል መዞር ነበረበት። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ በኋላም የኢትዮጵያ ስም በሩቅ አገር ሰው አፍ ገብቶ ነበር። የቱሪዝም ድርጅት ተቋቁሞ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት አገሪቱን የ13 ወር ጸጋ በሚል መፈክር ማስተዋወቅ የጀመረውም በእነዚህ ዓመታት ነው።

ውድድሩ ከጥር 6 እስከ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ተደረገ። የጥምቀት በዓል በመካከሉ ዋለ። ቱኒዝያ፣ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ የተባለችው ግብፅና ዩጋንዳ መጡ። ዩጋንዳ ነጻነቷን ገና አላገኘችም ነበር፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ ሜዳ ላይ እንደ ማንኛዋም አገር በስሟ ተጠርታ ተሰልፋለች። ከቅኝ ገዥ በፊት እኩልነቷን የተቀበላት የኳስ ሜዳ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

አቶ ይድነቃቸው ቡድኑን በማሠልጠንና በመምራት በሜዳው ዳር ቆመዋል። ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ቀረበች። በፍጻሜው ቀን ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ በግርማ ተክሌና በሉቺያኖ ቫሳሎ ግቦች ሁለት ጊዜ አስተካከለች። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ የአሥመራ ልጅ ሲሆን አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። በዘር ልዩነት ሜዳ በተከፈለበት ከተማ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የዘር ሐረጉ ከሁለቱም ወገን የሆነ ሰው የአገሩን ዋንጫ ከፍ አድርጎ አነሣ።

የማስተናገድ ጥበብ

ስድስተኛው የአፍሪቃ ዋንጫ በጥር 1960 ዓ.ም. እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በዚህ ጊዜ ተወዳዳሪዎቹ አራት ሳይሆኑ ስምንት ነበሩ፤ ጨዋታውም በአዲስ አበባና በአሥመራ ተከፈለ። የፍጻሜው ግጥሚያ በጥምቀት ማግስት ውሎ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ኢትዮጵያ አራተኛ ወጣች።

ከ1954ቱ ጋር ሲነጻጸር የ1960ው ውድድር የሚያሳየው ትልቅ ለውጥ አለ። ስምንት ቡድን ማለት ስምንት የማረፊያ ቦታ፣ ስምንት የልምምድ ፕሮግራም፣ በየቋንቋው አስተርጓሚ፣ በሁለት ከተሞች መካከል በሰዓቱ የሚደርስ መጓጓዣ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቀው በሆቴል፣ በአየር መንገድና በአስጐብኚነት ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ነው። ኳሱ የሚታየው በሜዳ ላይ ቢሆንም ውድድሩ የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው ከሜዳ ውጭ ነው። በየካቲትና በመጋቢት 1968 ዓ.ም. ሦስተኛው መስተንግዶ ሲመጣ ደግሞ የአሥመራን ቦታ ድሬዳዋ ያዘች። የመንግሥት ሥርዓት ተለውጦ፣ አገሪቱ በታላቅ ነውጥ ውስጥ እያለች ስምንቱ ቡድኖች መጥተው ተጫውተው ሄዱ። ዋንጫውን ሞሮኮ ወሰደች፤ ባለ አገሯ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያው ዙር አላለፈችም።

አቶ ይድነቃቸው በዚህ ጊዜ የአህጉሩ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1964 ዓ.ም. የተመረጡበትን ይህን ሥልጣን እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘውት ቆይተዋል። በፊፋ ሥራ አስፈጻሚና በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። በፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን ከሻምፒዮን ክበቦች ዋንጫ ሌላ የዋንጫ አሸናፊዎች ውድድርና የወጣቶች ሻምፒዮና ተጨመሩ። እነዚህ ውድድሮች አፍሪቃዊው ወደ አፍሪቃዊው አገር የሚሄድበትን አዘውትሮ የሚደገም ምክንያት ፈጠሩ። የዱዋላ ክበብ ወደ አዲስ አበባ፣ የአዲስ አበባ ክበብ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ካይሮ መሄዱ ቀድሞ ያልነበረ መንገድ መክፈት ነው።

ማን ይጋበዛል?

የእሳቸው ትግል በአብዛኛው ያረፈው በአንድ ነገር ላይ ነበር፤ በእንግዳና በአስተናጋጅ መካከል ሊኖር በሚገባው እኩልነት። በ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪቃ የተለየ ቦታ አልተሰጠም፤ የአህጉሩ አሸናፊ ከእስያ ወይም ከኦሺያንያ አሸናፊ ጋር እንደገና እንዲጋጠም ተወሰነ። አፍሪቃውያን ማኅበራት ባንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር በመሆን ይህን አቋም ከገፉት ሰዎች አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። ግማሽ ወንበር ላይ ከመቀመጥ ግብዣውን መተው ይሻላል የሚለው ይህ እርምጃ ለጊዜው መቀጫ ቢያስከትልም ፍሬ አፈራ፤ ከ1962ቱ የሜክሲኮ ውድድር ጀምሮ አፍሪቃ የራሷን ቦታ አገኘች።

ከደቡብ አፍሪቃ ጋር የተደረገው ትግል ከዚህ የረዘመ ነበር። የዘር መድሎው መንግሥት የስፖርት ጉዞ ያለውን ዋጋ ከማንም ይበልጥ ያውቅ ነበር። አንድ የውጭ ቡድን ወደዚያ አገር ሄዶ ቢጫወት ሥርዓቱ እንደ ማንኛውም ሥርዓት ተቆጠረ ማለት ነው። በ1972 ዓ.ም. የተከፈተው ሰን ሲቲ የተባለው የመዝናኛ ስፍራ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ቁማር ቤት፣ ሆቴልና የጎልፍ ሜዳ ይዞ የተሠራ ሲሆን፣ ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሊዮን ዶላር ሽልማት በማቅረብ የዓለምን ታላላቅ የጎልፍ ተጫዋቾች ጠርቷል። የስፖርት ቱሪዝም በዚያ ቦታ ሕሊናን መግዣ ሆኖ ቀረበ። ብዙ ስፖርተኞች ገንዘቡን ተቀበሉ፤ ሌሎች ደግሞ እምቢ አሉ።

አቶ ይድነቃቸው ከእምቢ ባዮቹ ወገን ሆነው በጉባኤ አዳራሽ ታገሉ። ፊፋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ አፍሪቃን ካገደ በኋላ እግዱን አነሣ፤ አፍሪቃውያኑ ባደረጉት ጥረት በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጉባኤ እግዱ ተመለሰ። የ1968 ዓ.ም. ሦስት ወራት ተያይዘው ሲታዩ የዚያን ዘመን መልክ ያሳያሉ። በመጋቢት የአፍሪቃ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተጠናቀቀ፤ በሰኔ የሶዌቶ ተማሪዎች በጥይት ተደበደቡ፤ በሐምሌ ፊፋ በሞንትሪያል ጉባኤው ደቡብ አፍሪቃን ፈጽሞ አስወጣ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያሳሰባቸው ጉዳይ ሌላ ነበር። ገንዘብ ወደ እግር ኳስ በብዛት መግባት ጀምሮ ነበር። የአፍሪቃ ታላላቅ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸው አህጉራዊው ውድድር ባዶውን እንዳይቀር ያሠጋቸው ነበር፤ የአልኮልና የትምባሆ ማስታወቂያም የወጣቶችን ሜዳ እንዲይዝ አልወደዱም። በዚህ አቋማቸው ዘመኑን ያልተከተሉ ናቸው ብለው የነቀፏቸው ነበሩ። ነቀፌታው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ውድድር ያለ ገንዘብ አይካሄድም፣ ተጫዋችም ከላቡ መጠቀም መብቱ ነው። ይሁን እንጂ እሳቸው ያነሡት ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተፈታም። እንግዳ የሚመጣው ጨዋታውን ሊያይ ነው፤ ጨዋታው ራሱ ተሽጦ ካለቀ ባለ አገሩ ምን ሊያሳይ ነው?

ዕረፍትና ውርስ

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በካንሰር ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፉ። በአዲስ ዓመት ዕለት የተወለዱት ሰው የሞቱት ልጆች በየደጁ ቡሄ በሚጨፍሩበት በደብረ ታቦር ዕለት ነው። ዕድሜያቸው ስልሳ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

ለማየት ያልታደሉት ብዙ ነገር ከእሳቸው በኋላ ሆነ። የዘር መድሎ ሥርዓት ወደቀ፤ ደቡብ አፍሪቃ ወደ አፍሪቃ ቤተሰብ ተመለሰች፤ በ2002 ዓ.ም. በአፍሪቃ ምድር የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በዚያችው አገር ተደረገ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪቃ ዋንጫ ስትበቃም አስተናጋጇ ደቡብ አፍሪቃ ነበረች። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በኔልስፕሪት ከተማ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስትለያይ ስታዲዮሙን የሞሉት የኢትዮጵያን ቀለም የለበሱ ደጋፊዎች ነበሩ። ዕለቱ የ1954ቱ ዋንጫ ከተነሣ ልክ ሃምሳ አንድ ዓመት የሞላበት ነው።

በአገር ውስጥም የስፖርት ጉዞ መልኩን አብዝቷል። በኅዳር 1994 ዓ.ም. በዐሥር ሺህ ሰዎች የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የውጭ አገር ሯጮችን ወደ አዲስ አበባ የሚጠራ ሆኗል። በጎጃም ምድር በእንጅባራ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል ብዙ ተመልካች ይስባል። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀንን ወጥቶ፣ በሉማሜ በኩል አልፎ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል። በየመንገዱ ቡና ይጠጣል፣ ምሳ ይበላል፣ ሲመሽበት አልጋ ይይዛል። የስፖርት ቱሪዝም ጥቅም ውድድሩ በሚደረግበት ከተማ ብቻ የማይቀር መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ነገር ግን ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ ታላቁ የአፍሪቃ ዋንጫ ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም። በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች የሚደረገው የ2012ቱ የአፍሪቃ ሻምፒዮና ለኢትዮጵያ ተሰጥቶ ሳለ ወደ ካሜሩን ተዛወረ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ደቡብ አፍሪቃን በባሕር ዳር ስታዲዮም አስተናገደ፤ ብዙም ሳይቆይ ስታዲዮሙ የአህጉሩን መመዘኛ አላሟላም ተባለ። ስለዚህ ኢትዮጵያ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ከጋና ጋር የነበራትን የሜዳዋን ጨዋታ ያደረገችው በደቡብ አፍሪቃ፣ በሶዌቶ በሚገኘው የኦርላንዶ ስታዲዮም ነው። በካርቱም የአፍሪቃን ኮንፌዴሬሽን ከመሠረቱት አንዷ፣ ሦስት ጊዜ የአህጉሩን ቡድኖች የተቀበለች አገር፣ በገዛ ግጥሚያዋ ላይ የሰው ቤት እንግዳ ሆነች።

ሶዌቶ በሯን ለኢትዮጵያ መክፈቷ ይድነቃቸውና ጓዶቻቸው የታገሉለት እኩልነት ፍሬ ነውና ሊያስደስት ይገባል። የሚያሳዝነው ብድሩን ለመመለስ የሚበቃ ሜዳ በቤት አለመገኘቱ ነው። በጎጃም ባላገር ዘንድ ጨዋታ ተጠርቶ የሄደ ሰው በተራው ጠርቶ ካላስተናገደ ልማዱ አልተሟላም። የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት ለስፖርቱም ለመስተንግዶውም ባለሙያ ትቶት ያለፈው የቤት ሥራ ይኸው ነው።